የአርዲቦ ዳርቻ በፀደይ፦ ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ከመሸጥና ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት

ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ በኢትዮጵያ የወቅቶች አቆጣጠር ፀደይ ይባላል። የደቡብ ወሎ ገበሬ ይበልጥ የሚያውቀው ግን በልግ በሚለው ስሙ ነው። በዚህ ወቅት የሐይቆች ውሃ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ ይላል፤ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፤ ከከተማና ከውጭ አገር የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ለፋሲካ ወደ ቀዬው ይገባል። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸው እንደ አርዲቦ ባለ ሐይቅ ዙሪያ «ይህ ቦታ ስንት ያወጣል?» ለሚለው ጥያቄ አመቺ ወቅት ይፈጥራል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከሕግ፣ ከውሃና ከገበሬው የነገ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለቱ ሐይቆች

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከተማዋ ስሟን የወሰደችበት ሐይቅ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋትና ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። አርዲቦ ከዚህ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በተራሮች መካከል፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ ከአርዲቦ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይፈስሳል። ታችኛው ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ስለዚህ በላይኛው ዳርቻ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ለታችኛው ይተርፋል፤ ወደ ታችኛው የገባ ነገር ደግሞ እዚያው ይቀራል።

አካባቢው ለጎብኚ እንግዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ማእከል የሆነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በታችኛው ሐይቅ ዳር ይገኛል። በስተ ሰሜን ምዕራብ አምባሰል፣ በእርሱም ውስጥ በ1881 ዓ.ም. የታወቀው ውል የተፈረመበት ውጫሌ አለ። ዓሣ ለመብላትና ውሃ ዳር ለማረፍ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚወጣው ሰው አካባቢውን የዕረፍት ቀን መዳረሻ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ አካባቢውን ባዳረሰበት ወቅት ይህ እንቅስቃሴ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የቦታው ውበትና ለከተሞች ያለው ቅርበት ግን አልተለወጠም፤ የመሬት ፈላጊን ዓይን የሚስበውም ይኸው ነው።

ለምን በፀደይ?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የባሕር ዳር መዝናኛ ከተሞች የቤት ገበያ የሚደራው በፀደይ ነው። ብርዱ ያልፋል፤ አትክልቱ ያብባል፤ ገዢዎችም በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤቱን ለመጠቀም ስለሚፈልጉ አስቀድመው ውሉን ለመጨረስ ይጣደፋሉ። ሻጩም ቤቱ አምሮ የሚታይበትን ጊዜ ይመርጣል።

በወሎ ሐይቆች ዙሪያ ወቅቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም ምክንያቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የበዓል አቆጣጠር ነው። ፋሲካ ምንጊዜም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የዒድ በዓላት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄዱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየሳቡ በወቅቶች መካከል ይዞራሉ፤ ከፀደይ ጋር የሚገጥሙባቸው ዓመታትም አሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋድዶ በሚኖርበት በዚህ አካባቢ በዓል ማለት ከሩቅ ያለ ዘመድ ወደ ቤት የሚመለስበት ጊዜ ነው። የተመለሰው ዘመድ ጥሪት ካለው «እዚሁ አንድ ጎጆ ልቀልስ» የሚል ሐሳብ ማንሣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የገበሬው የገንዘብ ችግር ነው። የመኸሩ እህል የተወቃው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ፀደይ ሲገባ ጎተራው እየጎደለ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍያ ደግሞ እየቀረበ ይሄዳል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ወይም ከዘገየ ችግሩ ይብሳል። በዚህ ሰዓት የሚቀርብ ጥሬ ገንዘብ በታኅሣሥ ከሚቀርበው ይልቅ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ገዢው በዋጋ የሚበረታው መሬቱ ርካሽ ስለ ሆነ ሳይሆን ባለ ይዞታው ስለ ቸገረው ነው።

ሦስተኛው የግንባታ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መሠረት ለማውጣትና ጣሪያ ለማልበስ የሚፈልግ ሰው በሚያዝያና በግንቦት ይጣደፋል። ጥድፊያ ባለበት ደግሞ ሰነድ ማጣራት ይዘለላል።

አራተኛው የውሃው ሁኔታ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያታልለውም እርሱ ነው። ሐይቅ በክረምት ዝናብ ሞልቶ በመስከረምና በጥቅምት ከፍታው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በትነትና በመስኖ እየቀነሰ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይወርዳል። በፀደይ የሚታየው ደረቅ ዳርቻ በመስከረም የውሃ ወይም የረግረግ ቦታ ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ውሃው ሲመለስ የሚዘሩበትን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ስሙ ራሱ መሬቱ የባሕሩ መሆኑን ይናገራል። በባሕር ሸሽ ላይ ሽንብራ ወይም ጓያ ይዘራል እንጂ ቤት አይሠራበትም።

መሬት አይሸጥም፤ ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። በዚሁ አንቀጽ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ ግን የግሉ ነው፤ ይህን የመሸጥና የማውረስ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ከሁለት ሥርዓቶች በአንዱ ሥር ይወድቃል። በከተማ ክልል ውስጥ ያለው በሊዝ ሕግ፣ ከከተማ ክልል ውጭ ያለው ደግሞ በገጠር መሬት ሕግ ይተዳደራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 እና የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ገበሬው መሬቱን የመጠቀም፣ የማከራየት፣ በሕጉ በተፈቀደው መንገድ የማውረስና በስጦታ የማስተላለፍ፣ እንዲሁም የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና የማስያዝ መብት ይሰጡታል። መሸጥ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም።

ሽያጭ ክልክል በሆነበት ቦታ ሽያጩ ስሙን ይለውጣል። አንዳንዱ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ገበሬው ያልተበደረውን ገንዘብ እንደ ተበደረ ተደርጎ የብድር ውል ይሆናል። አንዳንዱ ረጅም ዘመን ያለው ኪራይ ወይም የማይሻር ውክልና ይመስላል። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ፣ ምስክሮች ያሉበት፣ ጣት የተነከረበት ወረቀት ለገዢው የልብ ማረፊያ ይሆነዋል። በሕግ ዓይን ግን የወረቀቱ ርእስ ሳይሆን የውሉ ጉዳይ ነው የሚታየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነ ውል ፈራሽ መሆኑን፣ ውል ሲፈርስም ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት እንደሚመለሱ ደንግጓል።

ወደ ነበሩበት መመለስ ሲባል ገዢው መሬቱን፣ ሻጩ ደግሞ ገንዘቡን ይመልሳል ማለት ነው። ይህ ሁለቱንም ይጎዳል። ከ10 ዓመት በፊት የተከፈለ 300 ሺህ ብር ዛሬ በፍርድ ቢመለስ ቁጥሩ ያው ነው፤ የመግዛት ዐቅሙ ግን ያው አይደለም። ሻጩም ገንዘቡን ለዘር፣ ለሕክምና ወይም ለልጅ ድግስ አውጥቶት ከሆነ የሚመልሰው አይኖረውም። በመሐል ያሉት ዓመታት በክርክር ያልቃሉ፤ ጉርብትናም አብሮ ይፈርሳል።

ሌላም አለ። በአማራ ክልል የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሚመዘገብበት ደብተር ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። ባል ብቻውን የፈረመው ወረቀት ሚስቲቱን አያስገድዳትም። መሬቱን ለልጆቿ ማሳደጊያ የምትቆጥረው ሴት ባልተጠየቀችበት ውል ላይ ተቃውሞ የማቅረብ ሙሉ መብት አላት።

ከተማው ቢመጣስ?

«ነገ ከተማው ሲሰፋ መሬቱ በነጻ ይወሰድብሃል፤ ዛሬ ብትሸጠው ይሻልሃል» የሚለው ማባበያ በከተማ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የተለመደ ነው። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ከዚህ በተጨማሪ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀና ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ ከመልቀቁ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሣ ይከፈለዋል። በቀድሞው የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 ስሌቱ የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ገበሬ በ3ቱ ዓመታት ውስጥ ያገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ 80 ሺህ ብር ቢሆን የተነሺ ካሣው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይሆናል። የቤቱ፣ የዛፉና የአጥሩ ካሣ ከዚህ ተለይቶ ይታሰባል። በችግር ወቅት ያንኑ መሬት በ400 ሺህ ብር በወረቀት የለቀቀ ገበሬ የተጎዳው በ800 ሺህ ብር ብቻ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ ሊያመርት የሚችለውን እህልም አጥቷል። ካሣው የሚከፈለው ሕጋዊ ባለ ይዞታ ለሆነ ሰው በመሆኑ በድብቅ የገዛውም ሰው የሚጠይቀው መብት የለውም። እንዲህ ያለው ውል ሁለቱንም ወገን ለኪሳራ ይዳርጋል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ገቢው ሊረጋገጥ ሲችል ነው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ወይም ፍራፍሬ የተከለ ገበሬ ምርቱን፣ የሽያጩን መጠንና ዋጋውን በየዓመቱ መዝግቦ ቢያስቀምጥ በካሣ ቀን ይጠቅመዋል።

በሕግ የሚገኝ ቦታ

ሐይቅ ዳር ቤት ወይም ማረፊያ መሥራት በራሱ ክልክል አይደለም። በከተማ ክልል ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም ሕጉ በሚፈቅደው ምደባ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ደግሞ ለንግድ ሥራ 70 ዓመት የሊዝ ዘመን አስቀምጦ ነበር የወጣው፤ ቅድመ ክፍያውም ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ሕጋዊ ካርታ ባለው ቦታ ላይ የተሠራ ቤትም በጽሑፍ በተደረገና በተመዘገበ ውል ሊገዛ ይችላል።

የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት አላቸው። ይህ መብት ከአገሬው ሰው መብት አይሰፋም፤ ገበሬው ሊሸጠው የማይችለውን መሬት ከውጭ የመጣ ዘመዱም ሊገዛው አይችልም።

ማረፊያ፣ ሎጅ ወይም ሆቴል መሥራት የሚፈልግ ባለሀብት በኢንቨስትመንት በኩል ቦታ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም በ1995 ዓ.ም. ከወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንጻር ይታያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የሚመለከተው አካል የውሃ አካላትን ዳርቻ ወሰን እንዲከልል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህን ያላጣራ ሰው ቤቱን ከሠራ በኋላ ከውሃ ጋርም ከሕግ ጋርም ሊጋጭ ይችላል።

ዳርቻው በአንድ ቦታ አይቆምም

የሐይቅ ወሰን እንደ እርሻ ወሰን በድንጋይ አይጸናም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ውሃው ከሸሸ በኋላ ግን ከየብስ ጋር ተገናኝቶ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። ዛሬ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ድሮ በታንኳ ነበር የሚደረሰው።

በሌሎች የኢትዮጵያ ሐይቆች የታየውም ተመሳሳይ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ በመስኖ፣ በከተማ የውሃ አቅርቦትና በደለል ምክንያት በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃ ተመልሶበታል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በተቃራኒው በ1950ዎቹ ከነበረው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ተነሥቶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ እርሻና የግጦሽ መሬት ውጧል፤ በአጠገቡ ያለውን መንገድና የባቡር ሐዲድም አስቸግሯል። አንዱ ሐይቅ ሸሸ፤ ሌላው ገፋ። ሐይቅ ዳር ለ99 ዓመት የሚያስብ ሰው ሁለቱንም ማሰብ ይኖርበታል።

ውሃው ባይንቀሳቀስም የዳርቻው አያያዝ ወሳኝ ነው። ዳር ያለው ቄጠማና ደንገል ከተራራው የሚወርደውን ደለል ያጣራል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ዳርቻው በግንብ ሲታጠር የዓሣው መራቢያ ይጠፋል፤ ለሎጁ እንግዳ የሚቀርበው ዓሣም አብሮ ይቀንሳል። ሐይቅ አጠገብ የሚቆፈር የመጸዳጃ ጉድጓድ በከርሰ ምድር ውሃ በኩል ወደ ሐይቁ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ ደግሞ የገባ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለም። ሌላው ጉዳይ ከብት ውሃ የሚጠጣበት፣ እናቶች ውሃ የሚቀዱበትና ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን የሚያወጣበት መንገድ ነው። ዳርቻው በአጥር ከተዘጋ በኋላ ይህን መንገድ ማስከፈት ከባድ ክርክር ይሆናል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የባሕር ጠረፍ ሕግ ከተማ ካልሆኑ ቦታዎች ላይ ከውሃው ጠርዝ እስከ 100 ሜትር ድረስ ግንባታ ከልክላለች። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል የምትገኘው የሴንት አይቭስ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ድምፅ ሰጥተው አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ለቋሚ ነዋሪ እንጂ ለዕረፍት ቤት እንዳይሆኑ ወስነዋል። ዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤቶች ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር መጣል እንዲችሉ ፈቅዳለች። እርምጃዎቹ ይለያያሉ፤ የመነሻ ችግራቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ቤቱ በዓመት ለጥቂት ሳምንት በሚመጣ ሰው እጅ ሲገባ የተወላጁ ልጅ በአገሩ ጎጆ መውጫ ያጣል።

አርዲቦ ገና እዚያ አልደረሰም። ይህም ዕድል ነው፤ ዳርቻው ከመያዙ በፊት ወሰን ማስቀመጥ ከተያዘ በኋላ ከማስለቀቅ ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል።

ከመፈረም በፊት

ገንዘብ ለቸገረው ገበሬ ከሽያጭ ሌላ መንገዶች አሉ። በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ የኪራይ ውል መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ አሳልፎ ይሰጣል፤ ዘመኑ ሲያበቃ መሬቱ ወደ ባለ ይዞታው ይመለሳል። የመጠቀም መብትን አስይዞ ከብድር ተቋም መበደርም በሕግ የተፈቀደ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የትዳር አጋርን ማማከር፣ ያልተነበበ ወረቀት ላይ አለመፈረምና ደብተሩን ለማንም አሳልፎ አለመስጠት ተገቢ ነው።

ቦታ ፈላጊውም ቢያንስ አምስት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ቦታው በከተማ ፕላን ውስጥ ነው ወይስ በገጠር ክልል? ሁለተኛ፣ በካርታው ወይም በደብተሩ ላይ የሰፈሩት ስሞች የእነማን ናቸው፣ ሁሉስ ተስማምተዋል? ሦስተኛ፣ በንብረቱ ላይ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለ? አራተኛ፣ ቦታው ለውሃ ዳርቻ ጥበቃ ወይም ለሕዝብ መተላለፊያ ተከልሏል? አምስተኛ፣ ውሃው በመስከረም የት ድረስ ይመጣል?

የመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች መልስ በማዘጋጃ ቤት፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤትና በፍርድ ቤት መዝገብ ይገኛል። ለአምስተኛው ግን ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከዓሣ አስጋሪዎች የተሻለ ምስክር የለም። በሚያዝያ ያየውን ቦታ በመስከረም ተመልሶ ሳያይ ገንዘብ የማይከፍል ሰው ግማሹን አደጋ አልፏል። በፀደይ የቀረበለትን ገንዘብ እስከ መኸር አቆይቶ፣ ጎተራው ሲሞላ እንደገና የሚያስብበት ገበሬም እንዲሁ።